የዕድሩን ድንኳን ስላስመለሰው የሐሙስ ክፍል

ሰኔ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.
ነቀምቴ

ለተከበሩ የማዕዘን ቴሌቪዥን የተከታታይ ድራማ ክፍል ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ «የአመድ ከተማ» ስለተባለው የዞምቢ ድራማ የቀረበ አቤቱታ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ባልደረቦችዎ፣ የመሥሪያ ቤትዎ ጄኔሬተርም ደህና ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኛ በባኬ ጃማ ክፍለ ከተማ የምንገኝ ታማኝ ተመልካቾችዎ መብራት በሚኖርበት ሰዓት ሁሉ በጣም ደህና ነን።

መሸሻ እባላለሁ። ምስማር፣ ገመድ፣ ጀሪካንና የእጅ ባትሪ እሸጣለሁ። ከሃያ ዓመት ወዲህ ሱቄን ከመዝጋቴ በፊት የቀኑን ውሎ በማስታወሻ ደብተር ላይ የመጻፍ ልማድ ስላለኝ፣ ከዚህ በታች የማቀርበው ሁሉ በቀንና በወር የተደገፈ መሆኑን በትሕትና አስታውቃለሁ። ቴሌቪዥኔ ከምስማር መደርደሪያው በላይ ተሰቅሏል። ዘወትር ሐሙስ ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ጎረቤቶቼ በጀሪካን ላይ ተቀምጠው ድራማዎን ይመለከታሉ፤ እነዚያን የሚራመዱ ሬሳዎችዎንም «ያልተቀበሩት» ብለን ስም አውጥተንላቸዋል።

ወደ አቤቱታዬ ከመግባቴ በፊት ላመሰግንዎ ይገባል። መንገዱ የተዘጋበት ከተማ ምን እንደሚመስል፣ ሰው ከመንደሩ መውጣት ሲፈራ እንዴት እንደሚኖር ለወለጋ ሕዝብ በውጭ አገር ተዋንያን አማካይነት፣ በጠራ አማርኛ ስላስተማሩን ውለታዎን አንረሳም። እርስዎ ባይነግሩን ኖሮ ከማን እንሰማ ነበር?

1ኛ. ስለ ነዳጅ

በድራማዎ ዓለም ከጠፋ ሰባት ዓመቱ ነው። ይሁን እንጂ አቶ ቶማስ የተባለው ገጸ ባሕርይ ሸረሪት ያደራበትን መኪና አቧራውን እፍ ብሎ ቁልፉን ሲያዞር በመጀመሪያው ተነሣ። በጉዳዩ ላይ በሱቄ ከፍተኛ ክርክር ተደርጓል። የፊዚክስ መምህራችን ደረሳ ግን ዘወትር ነገርን ከሥሩ መያዝ ስለሚወድ፣ መኪናውን ትቶ ምግብ የማይቀምስ ሬሳ ሰባት ዓመት የሚራመድበትን ጉልበት ከየት እንዳመጣው ጠየቀ። የወፍጮ ቤት ባለቤቷ ድርቤ መለሰችለት።

«ኦቦ ደረሳ፣ አንተ ደመወዝ ሲዘገይ በምን ጉልበት ነው ክፍል የምትገባው? ሬሳውን ተወውና መኪናውን ጠይቅ። የእኔ ወፍጮ ሁለት ወር ከቆመ ለማስነሣት ሦስት ወንድና አንድ ጸሎት ይፈልጋል።»

የእርስዎ መካኒክ ማን እንደሆነ ቢገልጹልን ድርቤ ልትቀጥረው ዝግጁ ናት።

2ኛ. ስለሚያልቁ ነገሮች

ይህ በቀጥታ የእኔ ሙያ ስለሆነ ቢታገሱኝ። በድራማዎ ሰዎቹ ሰባት ዓመት ሙሉ የሚፈልጉት ጥይት ብቻ ነው። በማስታወሻዬ እንደሠፈረው፣ መንገድ በተዘጋብን ሰሞን ከሱቄ መጀመሪያ ያለቀው ገጀራ አልነበረም። በመጀመሪያው ሳምንት ባትሪ ድንጋይ አለቀ። ከዚያ ክብሪት፣ ከዚያ ጨው። በአራተኛው ሳምንት ሰው መርፌና ክር መጠየቅ ጀመረ፤ ምክንያቱም ልብስ የሚቀደደው ጦርነት ሲኖርም ሳይኖርም ነው። ወይዘሮ ኤሌና የተባለችው ዋና ገጸ ባሕርይዎ ግን በየሳምንቱ ያልተቀበሩ ሬሳዎችን በመጥረቢያ ፈልጣ ስታበቃ፣ አንዲት ቁልፍ ያልተነቀለበት ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ትታያለች። ለእነዚህ ሰዎች ሳሙና የሚያከፋፍለውን ነጋዴ አድራሻ ቢልኩልኝ ዕድሜ ልኬን አመሰግናለሁ። እኔ ሰላም በሆነበት ወር እንኳ እንዲህ ያለ አከፋፋይ አላገኘሁም።

3ኛ. ስለ በር አጠባበቅ

እንግዳ ወደ ከተማው በር በቀረበ ቁጥር ሰዎችዎ ጠመንጃ ይደግናሉ፣ «እጅህን አንሣ» ይላሉ፣ አንዳንዴም ሳይሉ ይተኩሳሉ። ድርቤ ይህን ባየች ቁጥር ጀሪካኑን በእጇ ትመታለች።

«ኢልማ ኤኙቲ፣ የማን ልጅ ነህ፣ አይባልም እንዴ መጀመሪያ?»

«ዞምቢ ቢሆንስ?» ይላል ደረሳ።

«ዞምቢ ከሆነ አይመልስማ። ሰው ከሆነ ግን አባቱን፣ አያቱን ይቆጥርልሃል፤ አራተኛው ላይ ሲደርስ የአጎትህ ልጅ ሆኖ ያርፋል። ያኔ ደግሞ ብትፈልግም አትተኩስበትም።»

«ቁስሉን ሳታይ?»

«ቁስሉንማ ዘመድ ነው የሚያየው።»

ክቡር ኃላፊ፣ አልዋሽዎትም፤ እነዚያን ምሽቶች እወዳቸው ነበር። በሳምንት ለአንድ ሰዓት ያህል የምንፈራው ነገር በዓለም ላይ የሌለ ነገር ነበር። ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ሦስቱንም ነጥብ በደብተሬ ከትቤ ዝም ባልኩ፤ እርስዎንም ባላደከምኩ።

4ኛ. ስለ ወንዙ

ከእነዚህ ተከራካሪዎች ኋላ፣ በገመድ ጥቅል ላይ ተቀምጣ አንድም ቀን ሳትከራከር ድራማዎን ስትከታተል የቆየች ሰው አለች። ብፅዓት ትባላለች፤ ታናሽ እህቴ ናት። ባሏ ጋሩማ የአይሱዙ ሾፌር ነው። ስለ እሱ ከምጽፍልዎ ደብተሬ ቢናገር ይሻላል።

«ሚያዝያ 3 ቀን 2016። መንገዱ ተከፍቷል ተባለ። ጋሩማን ለበቆሎ ወደ ኪራሙ ላክሁት። ደመና አለ፤ አልዘነበም።»

«ላክሁት» የሚለውን ቃል ልብ ይበሉልኝ። በደብተሩ ያልጻፍኩት ደግሞ ይህ ነው፦ ጋሩማ መኪናውን ካስነሣ በኋላ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ መሸሻ፣ አንድ ሳምንት ብንቆይስ?» አለኝ። እኔም «ሳምንት ከቆየን ሌላ ሰው ይጭነዋል» አልኩት። ሳቀና ሄደ። ከዚያ ቀን ወዲህ የስልኩ መልስ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም» የምትለዋ ሴት ድምፅ ብቻ ነው። ሾፌሮችን ጠየቅሁ፣ ሆስፒታሎችን ዞርሁ፣ በየቢሮው ደጅ ጠናሁ። መኪናውም ሬሳውም አልተገኘም።

ሬሳ የሌለው ሰው እንዴት እንደሚለቀስለት እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ካላወቁ ልንገርዎ። ዓመት ይጠበቃል። ዓመቱ ሲያልፍ ቤተሰብ ይመክራል፣ ቀን ይቆረጣል፣ ድንኳን ይጣላል፤ ፎቶግራፉ መሐል ተቀምጦ ሦስት ቀን ይለቀሳል። ያኔ ቀሪው ሰው እርሙን ያወጣል። እኛ በቤተ ክህነት በኩል ነን፤ የጋሩማ ቤተሰቦች ወንጌላውያን ናቸው። ቄሱና ፓስተሩ በአንድ ነገር ሲስማሙ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት በዚህ ነው። ዓመቱ ካለፈም በኋላ ብፅዓት ሁለት ወር ሙሉ እሺ አላለችም ነበር። በመጨረሻ የጋሩማ እናት አዴ ኬኔ ራሳቸው መጥተው እግሯ ሥር ተቀመጡና «ያ ኢንታላ ኮ፣ አንቺ የኔ ልጅ፣ ልጄን ላልቅሰው ፍቀጂልኝ፤ ዕንባዬ ውስጤ እየበሰበሰ ነው» አሏት። እሺ አለች። ለዓርብ ሰኔ 6 ተቆረጠ።

ሐሙስ ሰኔ 5 እርስዎ አንድ ክፍል አቀረቡ።

በዚያ ክፍል የከተማው ሰዎች በድራማው አቆጣጠር ሁለት ዓመት ለጠፋው ለአቶ ቶማስ ባዶ የሬሳ ሣጥን ሊቀብሩ ሲሉ፣ ሚስቱ ወይዘሮ ኤሌና ሣጥኑን በእግሯ ገፍታ ወጣች። ወንዙን ሽቅብ ይዛ አሥራ አንድ ቀን ተጓዘች። በሁለት ብስኩት። በአሥራ አንደኛው ቀን ባሏን በአንድ አሮጌ ወፍጮ ቤት ውስጥ፣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ዓሣ ሲጠብስ አገኘችው። ሙዚቃውም ተሰማ።

ዓርብ ጠዋት የዕድሩ ሰዎች ድንኳኑን በጋሪ ጭነው ሲመጡ ብፅዓት በሩ ላይ ቆማ «አታውርዱት» አለቻቸው። የዕድራችን መተዳደሪያ ደንብ ስለ ቀብር ሃያ ሁለት አንቀጽ ሲኖረው፣ ሟች አልሞተም ተብሎ ድንኳን ስለሚመለስበት ሁኔታ ግን አንድም ቃል የለውም። ዳኛው ደንቡን ከኪሳቸው አውጥተው እንደገና ካነበቡ በኋላ ጋሪውን አዞሩት። አዴ ኬኔ ጥቁር ልብሳቸውን እንደለበሱ ወደ ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአልጋቸው አልተነሡም።

ብፅዓት ቅዳሜ ሰኔ 14 ልትሄድ ተነሥታለች። ወደ ኪራሙ በሚወስደው መንገድ እስከ አንገር ጉቲን በመኪና፤ ከዚያ የአንገርን ወንዝ ሽቅብ ይዛ በእግሯ። ደረሳ እንድትቀር ሊለምናት ጠመኔ አንሥቶ በሱቄ በር ላይ ርቀቱን፣ የሰው የእግር ጉዞ ፍጥነትን፣ ሰውነት የሚያስፈልገውን ምግብ ሁሉ አስልቶ አሳያት። አይታ ስታበቃ «ኤሌና አስልታ ነው የሄደችው?» አለችው። ድርቤ «እኅቴ፣ በድራማው ወንዝ ውኃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም፤ አንገር በሰኔ በሬ ይወስዳል» አለቻት። «በዳር በዳሩ ነው የምሄደው» አለች። ደግሞም እንዲህ አለች፦ «እሱ በሁለት ዓመቱ ከተገኘ፣ የእኔ ገና አሥራ አራት ወሩ ነው።»

በመጨረሻ እኔ፣ ነገርን በቀዝቃዛ አእምሮ የሚያይ ነው የምባለው ሰው፣ «ብፅዓት፣ ይህ የፈጠራ ነገር ነው፤ መንገዱ እንደዚያ አይደለም» አልኳት። ቀስ ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ መንገዱን በተመለከተ ከአንተ ይልቅ እነሱን ባምን ይሻለኛል» አለችኝ።

ስለዚህ ክቡር ኃላፊ፣ የምለምንዎ እጅግ ትንሽ ነገር ነው። በፊታችን ሐሙስ ሰኔ 12 የመጨረሻው ክፍል ይተላለፋል፤ ብፅዓትም ሳታየው አትሄድም። ያን ዕለት በማያ ገጹ ግርጌ፣ የሻምፖና የቤት ሽያጭ ማስታወቂያ በሚሮጥበት መስመር ላይ፣ «ወይዘሮ ኤሌና በእውኑ ዓለም ብትሆን ኖሮ ከሦስተኛው ቀን አታልፍም ነበር» የምትል አንዲት መስመር ቢያስገቡልኝ እለምንዎታለሁ። ሻምፖውን ታምነዋለች፤ ያንንም ሳታምን አትቀርም። ይህ ካልተቻለ አቶ ቶማስን በመጀመሪያዎቹ አሥር ደቂቃዎች ይግደሉልን። ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ሲገድሉ ለኖሩት ለእርስዎ አንድ ሰው ምን ያህል ነው?

ይህንኑ ጥያቄ በአጭር መልእክት ቁጥራችሁ ሁለት ጊዜ ልኬ፣ ሁለት ጊዜ «ስለተከታተሉን እናመሰግናለን፤ ለወዳጅዎም ያጋሩ» የሚል ፈጣን ምላሽ ስለሰጡኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። ለወዳጄም አጋርቻለሁ፤ ደረሳ አንብቦ አልሳቀም።

ይህን ደብዳቤ በሱቄ በር ላይ ለጥፌ፣ ደረሳም በፌስቡክ ገጹ ላይ አውጥቶት፣ ቆብ አውልቄና ጎንበስ ብዬ የምሰናበትዎ፣ ምላሽዎን እስከ ሐሙስ ምሽት አንድ ሰዓት ብቻ በትዕግሥት የምጠብቅ፣ ከዚያ በኋላ ግን ስለ ትዕግሥቴ ቃል የማልገባ፣

መሸሻ
የምስማርና የገመድ ነጋዴ፣ ባኬ ጃማ

ግልባጭ፦
– ለዕድራችን ዳኛ (ሃያ ሦስተኛው አንቀጽ እንዲታሰብበት)
– ለአዴ ኬኔ (አማርኛ ስለማያነቡ ደረሳ እንዲያነብላቸው)

ማሳሰቢያ፦ ሐሙስ ሰኔ 12፣ እኩለ ቀን።

ክቡር ሆይ፣ ለምላሽ ባለመቸኮልዎ ትክክል ነበሩ፤ ብፅዓት ቅዳሜን አልጠበቀችም። ትናንት ጠዋት በመጀመሪያው መኪና ወጥታለች። ዛሬ ከአንገር ጉቲን በሰው ስልክ ደወለችልኝ። ውኃው ከዳር ወጥቷል አለችኝ፤ የወንዙ ድምፅ በስልኩ ይሰማኝ ነበር። ተመለሺ አልኳት። ከመንደሩ ማዶ ኔትወርክ ስለሌለ ማምሻውን አንድ ጊዜ ብቻ እንደምትደውል ነገረችኝና «ጋሼ፣ የዛሬውን አይተህ መጨረሻውን ንገረኝ» ብላ ዘጋችው።

ነገ በማለዳ እኔና ደረሳ እንከተላታለን፤ እሱ ከትምህርት ቤቱ ፈቃድ ጠይቋል። እስከዚያ ግን አንድ ሌሊት በዚያ ወንዝ ዳር ብቻዋን ታድራለች፤ ከእሷ ጋር ያለው ደግሞ የእርስዎ አቶ ቶማስ ብቻ ነው።

ያቺን የለመንኩዎትን መስመር እንዳያስገቡ። ሰውየውንም አይግደሉት።