የወንድምሽ ክኒን

ለእኔዋ ወለተ ማርያም፤

ያለ አንቺ ሁለተኛው ፋሲካ አለፈ። እኔ ባልሽ ደህና ነኝ። ስትረግሚው የኖርሽው ጭቃ አስፋልት ሆኗል፤ የቂሊንጦ ፋብሪካ ሰርቪስ ደጃፋችን ድረስ ይመጣል። ዶሮዎችሽን ሸጥኳቸው፤ አልቻልኳቸውም።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ታላቅ ወንድምሽ ስለ ታደሰ ነው። አንቱ ማለቱን የተውኩት ከቀብርሽ መልስ፣ ድንኳን ውስጥ ነው። ሰው ሁሉ እየሰማ አንተ አልኩት። 

ልብሽ ላይ ሰው ሠራሽ ቫልቭ ሲገጠምልሽ ሐኪሟ ያለችን ትዝ ይልሻል? ደምሽ ብረቱ ላይ እንዳይረጋ ደም ማቅጠኛ ክኒኑን በየቀኑ፣ የደም ምርመራውን በየወሩ። የምርመራው ቁጥር ካነሰ ደምሽ ይረጋል፣ ከበዛ ትደሚያለሽ። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ ቁጥሩን በጆሮዬ ትነግሪኝ ነበር፤ ልክ ከሆነ ቃሊቲ ወርደን ብርቱካን እንገዛለን።

ታደሰ ግን "ደም ማቅጠኛ" የምትለዋን ቃል ያዘ። "እናታችንን የገደላት ደም ማነስ አይደል? አሁን ደግሞ ያንቺን አቅጥነው ሊጨርሱሽ ነው?" አለሽ። ለእሱ የቀጠነና ያነሰ አንድ ነው። ክኒኑን አስተወሽ፤ ደም ይተካል ብሎ ቀይ ሥርና ጉበት አመላለሰ። ታላቅሽ ነውና ከእኔ ሸሽገሽ እሺ አልሽው። ደምሽ ረጋ፤ የረጋው ወደ ጭንቅላትሽ ወጣ።

"ለደግ ብዬ ነው" ይላል እስከ ዛሬ። ለደግ።

አሁን የእሱም ልብ ምቱ ተዛብቶ ያንኑ ክኒን አዘዙለት። መጥቶ በራችን ላይ ቆመ። "አንተ ታውቀዋለህ፣ እንዴት ነው የሚወሰደው?" አለኝ። አልዋሽሽም፤ "ተወው፣ ቀይ ሥር ጠጣ" ልለው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ነገ ና ብዬው አቦ ሄጄ ቆምኩ። ጸሎት እምቢ አለኝ፤ የመጣልኝ ሌላ ነው። ሞትማ ይቀለዋል።

ስለዚህ በየምሽቱ ቤቱ እሄዳለሁ። ክኒኑን መዳፉ ላይ አኖርና "ስለ ወለተ ማርያም" እለዋለሁ፤ እስኪውጥ ዓይን ዓይኑን አያለሁ። ለምርመራም ይዤው የምሄደው እኔ ነኝ፤ አንቺ ትቀመጪበት የነበረው አግዳሚ ላይ አስቀምጠዋለሁ። ቁጥሩ ልክ ሲሆን ብርቱካን ገዝቼ አሸክመዋለሁ። አቃቂ እስክንደርስ ያለቅሳል። "ተወኝ፣ ክኒኑን ብቻዬን እውጣለሁ" ብሎ ለምኖኛል። አልተውኩትም።

ንስሐ አባታችን "ጠላትህን ወደድክ" ብለው ባረኩኝ። አንገቴን ደፋሁ። ራሴን ስመረምር አንዳንዴ እኔም ይምታታብኛል፤ አንቺ ግን ታውቂኛለሽ።

ክኒኑ የዕድሜ ልክ ነው ብለውታል። ዕድሜ እንዲሰጠው በየእሑዱ ሻማ አበራለታለሁ። እሱ በዋጠ ቁጥር ስምሽ ይጠራል፤ እኔ እያለሁ አትረሺም።