የጋፋቱ እርካብ

ጥር 14፣ ቅዳሜ፣ ከቅዳሴ መልስ

ዛሬም ወደቅሁ። በዚህ ወር ሦስተኛዬ። ወንዙ ዳር፣ ቁልቁለቱ ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየ። በቅሎዋ ምንም አላጠፋች፤ ቆማ ጠበቀችኝ። ያዘነችልኝ መሰለኝ፤ ይህ ከመውደቁ የባሰ ነው።

ከክታብ በተረፈ ብራና የሰፋሁሽ አንቺ ጥራዝ፣ ካንቺ በቀር የማማርርለት የለኝ። የንጉሡ መንገድ ሲጠረግ ካህን ከገበሬ ሳይለይ ድንጋይ ይሸከም ተባለ፤ ተሸከምን። አንዱ ድንጋይ የቀኝ እግሬን አውራ ጣትና ጎረቤቷን ይዞ ሄደ። የአገራችን እርካብ ደግሞ ቀለበት ነው፤ የሚያስገባው አውራ ጣትን ብቻ። ጣት የሌለው ሰው በምን ይረግጠው?

በቅሎ ላይ መቀመጥ ያቃተው ደብተራ አለቀለት። ዐሥራ ሁለት መንደር ነው የሚጠራኝ፤ ክታብ ልጽፍ፣ በሽተኛ ላክም። ሩቅ ልራመድ ብልም እግሬ አይችልም። ሁለት ቤት ሌላ ደብተራ አስመጥቷል አሉ። ሰማሁ፣ እንዳልሰማ ሆንኩ።

ባለቤቴ ብርቄ ወሬ ይዛ መጣች። ጋፋት አንድ ጠይብ፣ ብረት ቀጥቃጭ፣ ሙሉ እግር የሚገባበት እርካብ ይሠራል። በሰውየው እግር ልክ። ስሙ ቢያድግልኝ ነው አለች። ራት አልበላሁም። ሆዴን አሞኝ ነው አልኳት።

ጥር 16፣ ሰኞ፣ ኪዳነ ምሕረት፣ ማለዳ

ልጻፈው። ብርቄ አታነብም፤ አንቺ አታወሪም።

አምስት ዓመት ሆነው። ሐሙሲት አጠገብ አንዲት ሙሽራ ታማ ተጠራሁ። ቡዳ በልቷታል አሉ። ነጭ ሽንኩርት አሸተትኳት። ሥር አጨስኩባት። እንደ ወጉ ማን በላሽ አልኳት። ዝም። ደግሜ ጠየቅሁ። ዝም። ቤቱ ከአፍ እስከ ገደፉ ሰው ሞልቷል፣ ዐይኑ ሁሉ እኔ ላይ። ደብተራው አቃተው ሊባል ነው። ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አልኩና፣ የቀጥቃጩ እናት ላቀች ናት? አልኳት። ልጅቱ «ላቀች» አለች። ቤቱ በጩኸት ተናወጠ።

ይኸው ነው። ስሙ መጀመሪያ የወጣው ከእኔ አፍ ነው። ለምን ላቀች? በዚያ ጠዋት ገበያ ላይ ማረሻ ስትሸጥ አይቻት ስለነበር። የመጣልኝ ስም የእሷ ስለነበር። ሌላ ምክንያት የለኝም። ፈልጌ አጣሁ።

የእናትና የልጅ ጎጆ ተቃጠለ። ተባረሩ። ጋፋት ገቡ። በዚያው ክረምት ላቀች ሞተች። ልጇ ቢያድግልኝ ነው።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። ወጊው እኔ ነኝ፤ አልረሳሁም። ተረቱ እኔን አያውቀኝም።

ጥር 19፣ ሐሙስ፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ

ጋፋት ሄጄ መጣሁ። በምርኩዝ፣ ሦስት ጊዜ እያረፍኩ። አንገቴ ላይ ሦስት ክታብ፤ ሦስቱም የራሴ ጽሕፈት፣ ሦስቱም ከጠይብ ዐይን የሚጠብቁ።

ፈረንጆቹ ለንጉሡ መድፍ የሚሠሩበት ሠፈር ጭሱ ሰማይ ደርሷል። የቢያድግልኝ ወናፍ ከዚያ ራቅ ብሎ ዋንዛ ሥር ነው። ገና ከሩቅ አወቀኝ። ተነሣ፣ እጅ ነሣ፣ አጎዛ አነጠፈልኝ። ክታቦቹን አያቸው፤ ምንም አላለም። ሳልታዘዝ ወደ ልብሴ ውስጥ ከተትኳቸው።

እርጥብ የሸክላ ጭቃ አመጣና እግርዎን ይጫኑ አለኝ። ዱካዬን! ዱካችሁን ለጠይብ አትተዉ እያልኩ ስንቱን መክሬአለሁ። ተጫንኩ። ከዚያ እግሬን አንሥቶ በሁለት እጁ ያዘው። ካሰረልኝ ወጌሻ በቀር ያን ቦታ የነካው የለም። እጁ ሻካራ ነው፣ ግን ቀስ ይላል። ጭቃው ላይ እያሳየ አስተማረኝ፦ ተረከዜ አይጫንም፣ የእግሬ የውጭ ጠርዝ ነው ሸክሙን የያዘው።

ጥያቄው ብዙ ነው። ቁልቁለት ስወርድ ወደ ፊት ነው የምደፋው ወደ ኋላ? ከየትኛው ጉልበቴ ነው ድካም የሚጀምረኝ? በቅሎዋ ሆደ ሰፊ ናት? ሃያ ዓመት ጋልቤ አንዱንም አስቤው አላውቅም። ብረቱ ፈረንጆቹ የጣሉት የሞረድ ስባሪ ነው። ቀጭን ሆኖ ሰው ይሸከማል አለ፤ የአገራችን ብረት እንዲህ ቢሳሳ ይጎብጣል።

ዋጋው ምንድን ነው አልኩት። እህልም ጨውም አልፈልግም አለ። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ያቺ ሙሽራ የእናቴን ስም ከራሷ አፍ ነው ያወጣችው?

ከራሷ አፍ ነው አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ጌታዬ። ይህን ለማወቅ ነበር።» ብሎ ጭቃውን በኮባ ሸፈነ።

ምርኩዜን ይዤ ወጣሁ። ሰድቦኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ጥር 22፣ እሑድ

እግሬ አብጧል። ይነድዳል። ዱካዬ እጁ ላይ ነው። በላኝ! አራተኛ ክታብ ጻፍኩና አሰርኩ።

ብርቄ አየችውና ሳቀች። በአንካሳ እግር ጋፋት ደርሶ የተመለሰ ሰው እግሩ ያብጣል፣ ቡዳ አያሻውም አለች። ሞቅ ባለ ውኃ አጠበችው። ወደ ማታ እብጠቱ ጎደለ።

ላቀች ላይ የፈረድኩት በዚህ ጭንቅላት ነው።

ጥር 26፣ ሐሙስ

ጨርሶታል!

እንዴት ብዬ ልጻፍልሽ። ወለል አለው፤ እንደ ጠባብ መክተፊያ ዝርግ ነው። የውጭ ጠርዙ ብቅ ብሏል፣ እግሬ እዚያ ላይ ደገፍ ይላል። ተረከዜ እንዳያልፍ ከኋላ ጠፍር አለው። የግራውንም አብሮ ሠርቶታል፤ አንዱ ከባድ አንዱ ቀላል ከሆነ በቅሎዋም እርስዎም ትጣመማላችሁ አለ። ጌጥ የለውም። ሞረድ የነበረበት ጥርስ ከሥሩ በጥቂቱ ይታያል።

ጋለብኩ። እስከ ወንዙ ወረድኩ፣ ወጣሁ፣ ደግሜ ወረድኩ። አልወደቅሁም። ደስ አለኝ፤ እንደ ልጅ ጮህኩ፣ ደብተራነቴን ረሳሁ። እሱ ዋንዛው ሥር ቆሞ ጉልበቴን ብቻ ያያል። ጠራኝ፣ እርካቡን ፈታ፣ በጉጠት ይዞ አጋለው፣ ሁለቴ ብቻ መታው፣ መለሰው። እንዳለብኝ የማላውቀው ሕመም ከወገቤ ወጣ።

ልሄድ ስል ልጓሙን ያዘ። አምስት ዓመት አንድ ሰው ዋሽቶባታል እያልኩ እንቅልፍ አጥቼ ነበር አለኝ። ማን እንደሆነ ሳስብ፣ ምን እንደማደርገው ሳስብ። እርስዎ ከነገሩኝ ወዲህ ተኛሁ። የታመመ ሰው ቃል ነው፣ በማን ይፈረዳል?

መንገዱን ሁሉ እርካቡ ተመቸኝ። ሌላ የተመቸኝ ነገር የለም።

የካቲት 1፣ ማክሰኞ

ወደ እብናት በሚወስደው መንገድ ካለች መንደር ተጠራሁ። በሰዓቱ ደረስኩ። እርካቤን ከበው አደነቁ፣ የማን እጅ ነው አሉ። የጋፋቱ ቢያድግልኝ አልኩ። ፊታቸው ጠቆረ።

የታመመችው የሦስት ልጆች እናት ናት። ትንቀጠቀጣለች፣ ላብ አጥልቋታል። ቆላ ለአጨዳ ወርዳ ነበር። ንዳድ ነው፣ ዕውርም ያውቀዋል። አማቷ ግን ጆሮዬ ሥር መጥታ፣ ከጋፋት ሸክላ የምታመጣዋ የጠይብ ሚስት ባለፈው ሳምንት በዚህ አልፋለች አለችኝ። የቢያድግልኝን ሚስት ነው። ቤቱ ሞልቷል። ያው ዐይን፣ ያው ዝምታ። ሊሰሙ የፈለጉት ስም ምላሴ ላይ ነበር፤ ብጠራው ኖሮ ዛሬ በግ ታርዶልኝ ነበር።

ንዳድ ነው፣ አጠጧት፣ አልብሷት አልኩ። ሌላ አልጠየቅኋትም። አጉረመረሙ። ደብተራው ከእግሩ ጋር እውቀቱም ተቆርጧል ሲል አንዱን ሰማሁት።

ፈርቼ ተመለስኩ። የፈራሁት እነሱን አይደለም። ስሙን ማውጣት ምን ያህል ቀላል እንደነበረ አይቼ ነው።

የካቲት 4፣ ዓርብ

ነገርኩት።

መዶሻውን እስኪያሳርፍ ጠበቅሁ። ዋሽቻለሁ፣ ስሟን ቀድሜ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ልጅቱ የኔን ደገመች አልኩት። አንቱ እያልኩ ነው የነገርኩት፤ አስቤው አልነበረም።

ብረቱ መቀጥቀጫው መስፍ ላይ ሳይመታ ጠቆረ። ይመታኛል ብዬ ነበር። እንዲመታኝም ፈልጌአለሁ። ጎንበስ ብዬ እርካቡን ልፈታ ስል ተዉት አለ። በእርስዎ እግር ልክ ነው፣ ለሌላ ለማን ይሆናል? ድምፁ ደርቋል። ምሬዎታለሁ አላለኝም። እኔም ይማሩኝ ለማለት አፍ አጣሁ።

ለእኔ መንገርዎ ለእናቴ ምን ያደርግላታል አለ። የተባለው እኔ ፊት አይደለም። ሐሙሲት ነው የተባለው፤ ሐሙሲት ይበሉት። ገበያው ሲሞላ። ቀጥቃጯ ብለው አይደለም፣ ላቀች ብለው።

ወናፉን መንፋት ጀመረ። ወጣሁ።

የካቲት 8፣ ማክሰኞ፣ ጎሕ ሲቀድ

ብርቄ ትናንት ሁሉን ከእኔ አፍ ሰማች። አለቀሰች። መጀመሪያ ለላቀች፣ ኋላ ለኛ። የሙሽራዋ ወንድሞች ይገድሉሃል አለች። ሊሆን ይችላል። ባይገድሉኝም ከሐሙሱ ገበያ ወዲያ ሐሰተኛ ደብተራን የሚጠራ መንደር የለም። ምን እንበላለን አለች። መሬታችን ጠባብ ናት፣ እኔ አርሼ አላውቅም። ከዚያ ተነሥታ ለሁለት ቀን የሚበቃ ጭብጦና በሶ ቋጠረችልኝ። ሂድም ቅርም አላለችኝም።

ሐሙሲት ላለመሄድ ምክንያት ስፈልግ አደርኩ። እግሬ ብዬ አልችልም፤ እግሬን ቢያድግልኝ ሠርቶታል። ሥራዬን ላድን ብዬ ያሠራሁት እርካብ ሥራዬን ወደማጣበት ይዞኝ ሊሄድ ነው። ይህን ሳስብ ፈራሁ፤ ፍርሃቱ ግን እንደ ድሮው አይደለም፣ ልጓም ይይዛል።

ክታቦቹን ከአንገቴ አውጥቼ ሣጥን ውስጥ ከተትኩ። አንቺንም እዚሁ እተውሻለሁ። ተመልሼ ካልጻፍኩብሽ ብርቄ ማንበብ የሚችል ሰው ትፈልግ፣ ከጥር 16 ጀምሮ ያንብብላት።

በቅሎዋ ተጭናለች። ዛሬ ካልዘገየሁ ነገ ማታ ሐሙሲት ዳር አድራለሁ። ሐሙስ በአራት ሰዓት ገበያው ይሞላል። የእህል ተራው ጋ፣ ሰው በሚበዛበት፣ ከበቅሎ ሳልወርድ እናገራለሁ፤ ብወርድ ሕዝቡ መሐል ገብቼ እጠፋለሁ፣ ራሴን ዐውቀዋለሁ።