የአባባ እንክብል

ቡርሀን፣

የአባባ የዓሣ ዘይት እንክብል ፍሪጁ ላይ፣ ከተምሩ አጠገብ ነው። ጧት ከቁርስ ጋር አንዲት ስጣቸው። እንዲሁ አይውጡትም፤ ሽፋኑ ከምን እንስሳ እንደተሠራ ይጠራጠራሉ። በመርፌ ወግተህ ማንኪያ ላይ ጨምቅላቸው። "ዕድሜዬን ሙሉ ከጣና ዓሣ ሳወጣ ኖሬ፣ አሁን ዓሣ በመርፌ!" ብለው ይስቃሉ። አብረሃቸው ሳቅ።

ሐኪሙ ያለውን አንተም ሰምተሃል። ዘይቱ ቢያግዝ ነው እንጂ ብቻውን እግር አይሆንም፤ ጡንቻ ካልሠራ ይመነምናል አለ።

አዎ፣ አንተ ሥራ ስትሄድ ሐይቁ ዳር ይዣቸው እወርድ ነበር። ጀልባ የሚጠግኑትን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። ሳልነግርህ መውሰዴ ልክ አልነበረም። ማክሰኞ ተደናቅፈው ጉልበታቸው ጭቃ ሆኖ ብታይ፣ እሳቸው ፊት "አባቴን ልትገድይብኝ ነው" አልኸኝ። በማግስቱ ጫማቸውን ደበቅህ።

የኔም አባት ናቸው።

ወረታ፣ አክስታችን ቤት ነኝ።
አትደውል።

ቀን ቀን ጎረቤታችን ዘይነት ትመጣለች፤ ነግሬያታለሁ። አባባ እንደተኙ ነው የወጣሁ። ነቅተው ቢያዩኝ እግሬ አይነሣም ነበር።

ጫማቸውን ከአልጋህ ሥር አውጥቼ በሩ ጋ አስቀምጫለሁ። አሱር ሰግደው ሲጨርሱ ግድግዳውን ይዘው ራሳቸው ይነሡና እዚያው ይቆማሉ። እኔን ነው የሚጠብቁ። ክንድህን ስጣቸው። "ቁጭ ይበሉ" ግን በአላህ አትበላቸው።

ሪሃብ