የቁጥር 214 ቀኝ አውራ ጣት

ወንድም ጋሼ፣ ይህን ስታነብ እንደምትስቅ አውቃለሁ። እባክህ ጮክ ብለህ አትሳቅ፤ ከዚህ በታች የምጽፈው ለትልቅ ሰው ነው።

ለተከበሩ የስብስብ ዕቃዎች ግምት ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን፣ በተለይም የዓይንዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ፤ በአንድ አውራ ጣት ላይ ሃያ ደቂቃ ያለ ዕረፍት ያፈጠጠ ዓይን ሊታሰብለት ይገባልና። እኔ ባለፈው ሳምንት የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ለብሼ፣ ታላቅ ወንድሜ ይሰበስባቸው ከነበሩት ትንንሽ ሐውልቶች አንዱን በፎጣ ጠቅልዬ በካርቶን ይዤልዎ የመጣሁት ተማሪ ነኝ። ከኮሚክ መጽሐፍ የወጣ፣ ሰማያዊ ካባ የለበሰ፣ ለመብረር የተንደረደረ ጀግና ነው፤ ከተሠሩት አምስት መቶዎች መካከል ቁጥር 214።

ያመጣሁት ለመሸጥ አልነበረም። ወንድሜ በሞተ በሳምንቱ አጎቴ መደርደሪያውን አይቶ "ዕድሜውን በአሻንጉሊት ጨረሰ" ስላለ፣ ማኅተም ያለበት የዋጋ ግምት ወረቀት ወስጄ አፉን ላስይዘው ብዬ ነው። ስለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. ባለቤቱ በአካል እንዲቀርብ ስለጠየቁኝ አመሰግናለሁ። መሞቱን ስነግርዎ ደግሞ እንግዲያውስ ውክልና ይስጥህ ማለትዎ፣ በመሥሪያ ቤትዎ ደንብ ሞት በቂ የመቅረት ምክንያት አለመሆኑን አስተምሮኛል።

፪. በደረሰኙ ላይ "አሻንጉሊት፣ ብዛት አንድ" ብለው ስለጻፉ አመሰግናለሁ። አጎቴ ሳይለፋ ረታኝ።

፫. መነጽርዎን አውልቀው አውራ ጣቱን ማን እንደሰበረው ስለጠየቁኝም አመሰግናለሁ። እኔም "ወንድሜ ነው" አልኩ። ሟቹን በባለቤትነት ለመቀበል ውክልና የጠየቀው መሥሪያ ቤትዎ፣ በጥፋተኝነት ለመቀበል ግን ምንም ማስረጃ አልጠየቀም። "ጉዳቱን ያደረሰው፦ ሟች" ብለው ጻፉ። ከሥሩ የፈረምኩት እኔ ነኝ።

የግምት ወረቀቱን በደንብ ያነበብኩት አውቶቡስ ውስጥ ነው። ጣቱ ሁለት ጊዜ ተጠግኗል ይላል፤ መጀመሪያ በተቻኮለ እጅ፣ ተጣሞ፤ ቀጥሎ በታጋሽ እጅ፣ የፊተኛው ማጣበቂያ ተፍቆ፣ ተቃንቶና ቀለም ተቀብቶ።

ክቡር ሆይ፣ የተቻኮለው እጅ የእኔ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ወንበር ላይ ወጥቼ ከላይኛው መደርደሪያ ሳወርደው አመለጠኝ፤ ወንድሜ ከሥራ ሳይመለስ ለጣጥፌ መለስኩት። እሱም በሳምንቱ ሐውልቱን አውርዶ አልጋዬ አጠገብ፣ እጄ በሚደርስበት ቦታ አኖረው። ለምን ብዬ ስጠይቀው "ከፍታ ይፈራል" አለኝ። የሚበር ጀግና ከፍታ ሲፈራ! ስቄ አለፍኩ፤ ጣቱን ደፍሬ ስለማላየው እንዳላወቀብኝ እርግጠኛ ነበርኩ። ለሦስት ዓመት የደበቀልኝን የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፤ የነገሩኝም እኔ በእሱ ላይ ካሳበብኩ በኋላ ነው።

ወረቀቱን ለአጎቴ አላሳየሁትም። ለማንም ለማሳየት ፊት የለኝም። ስለዚህ "ሟች" የሚለው ተሰርዞ "ታናሽ ወንድሙ" ተብሎ እንዲጻፍልኝ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ፤ ለዚህ ውክልና ካስፈለገ ከማን እንደማመጣ ቢጠቁሙኝ ውለታዎን አልረሳም።

ማጉያ መነጽርዎ አቧራ እንዳይነካው እየተመኘሁ፣ ለማኅተምዎም ለደረሰኝ ቁጥርዎም በየተራ እጅ እየነሳሁ፣

የቁጥር 214 ሰባሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በወንድሜ አልጋ ላይ ስትተኛ የሰነበተችው እናቴ ዛሬ ወደ ሥራዋ ስለተመለሰች፣ ከወንድሜ ጋር በተጋራነው ክፍል ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዬን የነቃሁት ዛሬ ጠዋት ነው። የሐውልቱ መቆሚያ ይወዛወዝ ነበር፤ የግምት ወረቀትዎ አራት ቦታ ሲታጠፍ ልኩ ሆኖ ስላገኘሁት፣ የተስተካከለው እስኪደርሰኝ ከሥሩ ተሸጉጦ ያገለግላል። ከዚያ ወንድሜ በየጠዋቱ ያደርግ እንደነበረው በቀለም ብሩሹ አቧራውን ጠረግሁለት። ጣቱ ላይ ስደርስ ቀስ አልኩ።