ጥጡን እንዳትተፋ

ይድረስ ለወንድምዓለም ለይርዳው፣

ሰላምታዬ ገዳሪፍ፣ ካለህበት እርሻ ድረስ ይድረስህ። እማዬም እኔም ደህና ነን፤ የጎደለን ያንተ ሳቅ ብቻ ነው። ለደብዳቤዎቼ መልስ ያልጻፍከው ሥራ ቢበዛብህ ነው ብለን አልተቀየምንም።

እዚህ ሰሊጡ ታጭዷል። እኔም ጥርስ ክሊኒኩን ለምጄዋለሁ። ደም ሳይ የምወድቀው እኅትህ ዛሬ ለዶክተር ኪዳን ጉጠት አቀብላለሁ ብልህ ታምናለህ?

ከሱዳን በኩል የመጣ ታካሚ ሁሉ ስላንተ ሳልጠይቀው አይሄድም። ድሮ ገና ሲቀመጥ ነበር የምጠይቀው፤ አሁን ጥጥ ካስነከስኩት በኋላ ሆኗል። ባለፈው አንድ የትራክተር ሾፌር ከገዳሪፍ መጥቶ የመንጋጋ ጥርሱን ተነቀለ። ጥጡን አስነክሼው፣ «ይርዳው የሚባል፣ የፊት ጥርሱ የተሸረፈ ሳቂታ ሾፌር ታውቃለህ?» አልኩት። ትክ ብሎ አየኝ። እጄን ጨበጠና ጥጡን ሊተፋ ሲል፣ «ተው፣ ይደማብሃል! እስከ ማታ እንዳታወራ» ብዬ እስከ በር ሸኘሁት።

ዶክተሩ፣ «ግማሽ ሰዓት አይበቃውም ነበር?» አለኝ። እኔ ጉጠቱን ወደ ማጠቡ ዞርኩ።

እማዬ፣ «ዛሬስ ከማዶ የመጣ ሰው የለም?» ስትለኝ፣ «ጥርሱን የታመመ ሰው ምን ያወራል ብለሽ ነው?» እላታለሁ።

ይልቅ ቶሎ ና። ያችን ሽራፊ ጥርስህን ዶክተሩ ሊሞላልህ ቃል ገብቶልኛል። አንተን ግን ጥጥ አላስነክስህም፤ እንደ ልብህ ታወራለህ።

እማዬ፣ «ዓይኑን ሳሚልኝ» ብላለች።

በር በሩን የምታይ እኅትህ፣
ውባንች
ከመተማ ዮሐንስ