ስም አልጠራሁም

ቅዳሜ

እመቤትን አልሰደብኳትም። መሳደብማ ፈልጌ ነበር፤ ስልኩን አላነሳችም።

ነገሩን የሰማሁት ጠዋት ካርቲየ 4 ሰፈር ገበያ ቲማቲም ስመርጥ ነው። ከቤት ሠራተኞች ማኅበራችን ልጆች አንዷ፣ አስቴር፣ ከኋላዬ መጥታ ክንዴን ያዘችኝ። «እትዬ ሙሉ፣ ሉባባ ትናንት ለምን እንደቀረች ሰማሽ?» አለችኝ። አልሰማሁም። አሟት ይሆናል ብዬ ነበር የተውኩት።

አላመማትም። አስቴር፣ ሄሮን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር፣ የምትሠራበት ቤት ሉባባ ከምትሠራበት ጋር ጎረቤት ነው። (ይህንንም ዛሬ ገና ማወቄ ነው።) የሉባባ ማዳም ሐሙስ ከግብዣ ስትመለስ ልብሷን እንኳ ሳትቀይር ኩሽና ገባች አለችኝ። «ፍሪጅ የምቆልፍብሽ ክፉ ሴት እኔ ነኝ? ለማን ነው ያወራሽው?» ብላ ስልኳን ቀማቻት። የዓርብ ዕረፍቷን ከለከለቻት። ፓስፖርቷ ድሮውንም በማዳሟ እጅ ነው። በዚያ ላይ፣ ሌላ ቃል ከሰማሁ ወርቄን ሰረቀችኝ ብዬ ለፖሊስ እሰጥሻለሁ አለቻት። ሁለቱ ልጆች በየጣራቸው ልብስ ሲያሰጡ ነው ሉባባ ይህን በጥድፊያ የነገረቻት።

ሉባባ ስለ ፍሪጁ የተናገረችው አንድ ቦታ ብቻ ነው። እኛ ጋ።

እኛ ጋ ዓርብ ከሰዓት የምትመጣን ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠን «በይ ችግርሽን ንገሪን» አንልም። መናገር የፈለገች በርጩማው ላይ ወደ ግድግዳው ዞራ ትቀመጣለች፣ አንዳችን ከኋላዋ ሆነን ሹሩባ እንሠራታለን። ፊቷን ማንም አያይም። ሹሩባው እስኪያልቅ መልስ መስጠት የለም። የማን ቤት ነው የምትሠሪው ብሎ መጠየቅ የለም። የተባለው ከዚያ ክፍል አይወጣም። ይህን ሥርዓት ያወጣነው እኔና እመቤት ነን፤ ሁለታችንም ሰው ቤት ስንሠራ ከርመን ወጥተን ማኅበሩን ስናቋቁም።

ሉባባ ስለ ፍሪጁ የተናገረች ቀን ጠጉሯን የሠራቻት እመቤት ናት። ሐሙስ ሄሮን ግብዣ ላይ ስለ ማኅበራችን የተናገረችውም እመቤት ናት። ሊቀመንበራችን!

ደግሜ ደወልኩ። አታነሳም።

እሑድ

ተጣላን። ደህና አድርገን ነው የተጣላነው።

ዋራበሌ ሰፈር ያለው የማኅበራችን ቤት ገና በጠዋቱ ቆርቆሮው ግሎ ነበር። እመቤት ቀድማኝ ገብታ ግድግዳ ለግድግዳ ትለካለች። የሐሙሶቹ ሴቶች የልብስ ስፌት መኪና ሊሰጡን ቃል ገብተዋል፣ እሱን የት እንደምታቆም ነው ጭንቀቷ። «አንጀታቸውን በላሁት ሙሉዬ፣ አንዷማ አለቀሰች» አለችኝ፣ እንኳን ደስ ያለሽ እንድላት።

የሆነውን ነገርኳት። ፊቷ ጠቆረ። ወዲያው ግን ሰብሰብ አለች።

«ስም አልጠራሁም።»

«ፍሪጁን ጠርተሻል።»

«አንዲት ወጣት ነው ያልኩት። የማን ቤት እንደምትሠራ በምን አውቄ? አንጠይቅም ያልነው አብረን አይደለም?»

«አንጠይቅም ያልነው ስለማናወራ ነዋ!»

ደሜ ፈልቶ ነበር። ወጣቶችን ማብቃት፣ የልብ ፈውስ፣ እነዚያን ወረቀት ላይ የምትጽፋቸውን ቃላት አንድ በአንድ እየጠራሁ አላገጥኩባት። የማን ልብ ነው የተፈወሰው? የነዚያ በሞላ ጠረጴዛ ዙሪያ የተቀመጡ ሴቶች! አልቅሰው ቀለል ብሏቸው ወደ ቤታቸው ገብተዋል።

ሦስተኛው የአመራር አባል ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ ወደብ ሲሠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ። በጩኸታችን መጡና «ተዉ እንጂ ልጆች፣ ሰው ይሰማል» አሉ። ማን ይሰማል? ደጅ ላይ ያሉት ፍየሎች ብቻ ናቸው።

ይቅርታ አላለችም። ይህን ልጽፈው ፈልጌ ነው ብዕር ያነሳሁት። አንዴም አላለችም።

ሰኞ

ማንንም ሳላማክር ሄሮን ሄድኩ። አስቴር ቤቱን ከሩቅ በአገጯ አሳየችኝና ጠፋች። በባሕሩ በኩል ሰፊ በረንዳ ያለው የፈረንሳይ ጊዜ ቤት ነው። ዘበኛው ሶማሌ ሽማግሌ ነው። በሶማሊኛ ሰላም አልኩት፣ ደህና አድርጎ መለሰልኝ። የሠራተኛዋ አክስት ነኝ ስለው ሳቀ። በየቤቱ በር ላይ አክስት ነኝ የምትል ሳትጠፋ አትቀርም። ከዚያ ሳቁን ተወና «ሂጂ እህቴ፣ ከእንጀራዬ አታጣይኝ» አለኝ።

ቀና ስል ሉባባ ጣራው ላይ ናት፣ አንሶላ ታሰጣለች። አየችኝ። እጄን አላነሳሁም፣ መዘዝ እንዳላመጣባት። ዓይኗን ሳትነቅል ቆየች። እንዲህ ያለ ጥላቻ በሰው ዓይን ካየሁ ቆይቻለሁ። ከዚያ አንሶላውን በመሃላችን ዘረጋችው።

እኔ ምን አደረግኳት? እኔ አይደለሁም! ሚኒባስ ውስጥ ብቻዬን እየተሳደብኩ ተመለስኩ፤ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴትዮ ቦታ ቀየረች።

ምን ማድረግ እችላለሁ?

ፖሊስ ጋ ብሄድ ያ የወርቅ ነገር ያኔውኑ ይመጣል።

ማዳሟን ብለምናት፣ አዎ ያወራችው ሉባባ ናት ብዬ መሰከርኩ ማለት ነው።

ዝም ብል፣ ልጅቷ እዚያው ቤት ውስጥ ትቀራለች።

እመቤትን ባንቃትስ? ለጊዜው ደስ ያለኝ ይኸኛው ብቻ ነው።

ማክሰኞ

ስብሰባ። ጋሽ ደምሴ ጫቱ ከኢትዮጵያ ከመግባቱ በፊት ይሁን አሉ። ከገባ በኋላ ከሳቸው ጋር ቁም ነገር እንደሌለ ራሳቸውም ያውቁታል።

እመቤት ትውረድ አልኩ፣ እዚያው ፊቷ። ካልወረደች ዓርብ ልጆቹን በር ላይ ጠብቄ የሆነውን ሁሉ እነግራቸዋለሁ አልኩ።

«ድሮም ቦታዬ ላይ ዓይንሽን ጥለሻል» አለች።

ጥያለሁ። ለራሴ ምን ያስዋሸኛል? ፈረንሳይኛ ስለማልችል፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር እሷ ስትናገር አጠገቧ ቆሜ ፈገግ የምለው እኔ ነኝ። ጉንጬ ዝሏል። ግን ያ ሌላ፣ ይህ ሌላ።

«ስለ ሥራችን ሳወራላቸው አዛጉ» አለች። «ስለ ልጅቷ ስነግራቸው ነው ቀና ያሉት። ይህ ቤት በምን ቆሞ ይመስልሻል? በሹሩባ?»

«አንጀት መብላት ካስፈለገሽ ለምን ያንቺን አትነግሪያቸውም ነበር?» አልኳት።

ወረቀቷን ማጣጠፍ ጀመረች። ስንቱን ጠጉር ጎንጉና፣ እሷ በርጩማው ላይ ተቀምጣ አታውቅም። ምን ዓይነት ቤት ስትሠራ እንደነበረ እኔ እንኳ አላውቅም። በቃ «ሰው ቤት» ነው የምትለው፣ እዚያ ላይ ትዘጋዋለች። ጥያቄዬ መጥፎ ቦታ ነካት መሰለኝ። እሰይ አልኩ በልቤ።

ጋሽ ደምሴ «ልጅቷ ትቅደም፣ ሹመቱ ይደርሳል» አሉ። ደህና አሉ። የጫቱ መኪና ጡሩንባ ሲሰማ ግን ተነስተው ሄዱ፣ ልጅቷ እንዴት እንደምትቀድም ሳይነግሩን።

ረቡዕ

እመቤት የሉባባ ማዳም ቤት ሄዳ ነበር።

ከሰዓት ወደ ቢሮ መጣች። መብራት ጠፍቶ በካርቶን እየተራገብኩ ነበር። ሰላም ሳትለኝ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ምን ልታደርጊ ሄድሽ አልኳት።

«ዋሽቻችሁ ነው አልኳት» አለች። «ያቺ ልጅ የለችም። ታሪኩ የራሴ ነው፣ ድሮ ሌላ ቤት ስሠራ የሆነ ነው። ለራሴ መለመን አፍሬ በወጣት ልጅ ስም ተናገርኩት አልኳት።»

«አመነችሽ?»

«በጣም። ደስ አላት እንጂ! እዚያው ፊቴ ለጓደኞቿ እየደወለች ነገረቻቸው። እኔ ቆሜ እሰማለሁ።»

የስፌት መኪናው አበቃለት ማለት ነው። ከእንግዲህ እመቤት ሄሮን ውስጥ ውሸታም ናት፤ ያን ፈረንሳይኛዋን ይዛ የማንንም በር አታንኳኳም። ከአፌ የወጣው ግን ይህ ነው፦ «እውነት ነው እንዴ? ይቆለፍብሽ ነበር?»

ተነስታ ጫማዋን አደረገች። «ለማዳሟ ያልኩትን ነው የነገርኩሽ» ብላ ወጣች።

ይቅር አላልኳትም። እሳቱን የለኮሰችው እሷ፣ ውሃ የተሸከመችው እሷ፣ አሁን ደግሞ እንድናመሰግናት ነው? እኔ አላመሰግንም።

ሐሙስ

አስቴር ደወለች። ሉባባ ስልኳ ተመልሶላታል። ስለ ወርቅ የሚያነሳ የለም። ፓስፖርቱ ግን አሁንም ማዳሟ ጋ ነው።

ከግብዣው ሴቶች አንዷ ለጋሽ ደምሴ ደውላ ስጦታው «ለጊዜው» እንደማይመች በትሕትና ነግራቸዋለች።

እመቤት የቢሮውን ቁልፍ በጋሽ ደምሴ እጅ ላከችልኝ። መልእክት የለውም። «እንግዲህ ያልሽው ሆነ» አሉኝ እሳቸው፣ ሐዘን ቤት የመጡ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ያልኩት ከሆነ ደስ ሊለኝ ይገባል። ትንሽ ደስም ብሎኛል። ቤቱን ጠረግሁ፣ ማበጠሪያዎቹን በሳሙና አጠብኩ።

ዓርብ

ከሶላት በኋላ ልጆቹ መምጣት ጀመሩ። ሁሉንም ሰምተዋል፤ ሠራተኛ ያለበት ቤት ሁሉ ሰምቷል። እኔም ደግሜ ነገርኳቸው፣ እመቤት እንደወረደችም ጨመርኩ። ከዚያ ማበጠሪያውን ይዤ በርጩማው ኋላ ቆምኩ። ማን ትቀመጣለች?

ማንም። ስልካቸውን ይነካካሉ፣ ጥፍራቸውን ያያሉ። በመጨረሻ አስቴር፣ «እትዬ ሙሉ፣ የነገርንሽን አንቺስ ለማን ነው የምትነግሪው?» አለችኝ። በክፋት አይደለም፤ እውነት መልሱን ፈልጋ ነው የጠየቀችኝ። ማበጠሪያውን በርጩማው ላይ አስቀመጥኩ። ሊቀመንበር የሆንኩት እንዲህ ባለ ቀን ነው።

ያኔ ሉባባ ገባች። ፌስታል በእጇ፣ ፓስፖርቷ በደረቷ። ማዳሟ ጠዋት ወርውራላታለች፤ ከውሸታሞች ጋር የምትውል ሠራተኛ አልፈልግም ብላ። ልጆቹ ዘለው አቀፏት። እኔም ልስማት ተነሳሁ፣ ጉንጯን አዞረችብኝ። «እመቤት የታለች?» አለች። እትዬ የለ፣ ምን የለ።

ወጥታለች፣ አባረርናት ልላት ነበር። ዓይኗን አየሁና ተውኩት። ስልኬን አንስቼ ደጅ ወጣሁና ለእመቤት ደወልኩ።

«ሉባባ እዚህ ናት» አልኩ። «ልትሰድብሽ ነው የመጣችው።»

ከጀርባዋ የመኪና ጡሩንባ ይሰማል።

«ነይና ተሰደቢ።»

«መጣሁ» አለች።

መጣች። ሉባባ በርጩማውን በእግሯ ገፋ አድርጋ ፊት ለፊቷ ቆመች። እዚያ ክፍል ውስጥ ማንም እንዲህ ተናግሮ አያውቅም።

«ረሃቤን ነው የነገርኩሽ» አለቻት። «ኮምቦልቻ ያለችው እናቴ አታውቀውም። ደህና እበላለሁ ነው የምላት። አንቺ ወስደሽ ለጠገበ ሰው አወራሽው። እነሱ እያለቀሱ ኬካቸውን በሉ፣ እኔ ለፖሊስ ልሰጥ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሄደሽ የኔ ነው አልሽ። አዳንኳት ትያለሽ አሁን። የኔን ረሃብ ያንቺ አደረግሽው። ሁለት ጊዜ ነው የሰረቅሽኝ!»

እመቤት አፏን ከፈተች። አሁን ልትለው ነው አልኩ፤ እኔም ደርሶብኛል፣ እኔም ተርቤያለሁ ልትል ነው። ከንፈሯ ላይ ደርሶ ነበር፣ በዓይኔ አየሁት። መልሳ ዋጠችው።

«አዎ» አለች። «ሰርቄሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

ሉባባ ከዚያ በኋላ አለቀሰች፣ ተሳደበች፣ ደግማ አለቀሰች። ልጆቹም ፈራ ተባ እያሉ አንድ አንድ ነገር ጣል ማድረግ ጀመሩ፣ ለእመቤትም ለእኔም። ለእኔም ብዙ ነበራቸው ለካ። ተቀበልኩ።

አመሻሹ ላይ ሁሉም ወደየቤታቸው ሄዱ። ሉባባ ሥራ እስክናገኝላት እዚሁ ከኔ ጋር ትሆናለች፣ እሷ ከተስማማች። እመቤት ደጁ ላይ ጫማዋን እያሰረች፣ «ቁልፉን ትመልሺልኛለሽ?» አለችኝ።

«አልመልስም።»

«እሺ። በሚቀጥለው ዓርብ ልምጣ?»

«እኔን አትጠይቂኝ» አልኳት። ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው ያልኩት፣ ሉባባ ከውስጥ እንድትሰማ።

ሰምታለች። ይህን የምጽፈው ደጁ ላይ ቁጭ ብዬ ነው፣ እመቤትም አጠገቤ ናት፣ አልሄደችም። ሉባባ እስካሁን መልስ አልሰጠችንም።