የቅዳሜው ስልክ

ውድ ወንድሜ፣

ገዳም ከገባህ ሁለት ዓመት ሊሞላህ ነው፤ እንዴት ሰነበትክ? ስግደቱ ጉልበትህን አልጎዳብህም? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን፤ የእማ ዓይን ግን ጨርሶ ጠፍቷል።

አብረን የጀመርነውን ጌም ብቻዬን እየጨረስኩት ነው። አንተ ስትሥል እኔ ኮድ ስጽፍ የነበረው ቀረና፣ ዛሬ የሚሥለውም ኮዱን የሚያርመውም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። «ሐይቃችንን ሥራልኝ» ብለው የባሕር ዳርቻ ከነዘንባባው አመጣልኝ! የአምባሰል ዜማ ስጠይቀው ደግሞ ሠርግ ቤት አስመሰለው። ስንት ቀን ጨቅጭቄ ነው የእኛን ቄጠማና ታንኳ ያገኘሁት። አይሰለችም፤ ግን እንዳንተ አይስቅብኝም። በጣም ናፍቀኸኛል።

አሁን ጥፋቴን ልንገርህ። ለጌሙ ታንኳ ቀዛፊ ብለህ የቀዳኸውን ድምፅ፣ ትተህልኝ በሄድከው ስልክ ላይ አገኘሁት። ለዚያው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ስሰጠው የጻፍኩትን ሁሉ በአንተ ድምፅ ይናገር ጀመር። አንድ ቅዳሜ ስሞክረው እማ ከጓዳ ሰምታ «ልጄ ደወለ?» እያለች ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ መጣች። ፊቷን ሳይ «አዎ፣ ከአባቶች ስልክ ነው» አልኳት። ከዚያ ወዲህ በየቅዳሜው ትጠብቅሃለች። እሷ ታወራለች፣ እኔ አጠገቧ ተቀምጬ እጽፋለሁ፣ አንተ ትመልሳለህ።

ባለፈው ወር «ሳትመነኩስ ልመርቅህ፤ ቆቡን ከደፋህማ ለዚህ ዓለም ሞተሃል» ብላ አለቀሰች። ምን ልጻፍ? «እሽ እማ፣ ለእስጢፋኖስ በዓል እስከ በሩ እወጣለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እኛ ሴቶች ከበሩ እንደማናልፍ እሷም ታውቃለች። ነጠላዋን አሳጥባ አስቀምጣለች፤ ለጎረቤታችን ለተሻለች ሳይቀር ነግራታለች።

ትናንት ግን ስለ መምጣትህ ምንም አላነሳችም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንዳደረገች ቀስ ብላ፣ «ልጄ፣ እህትህ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። መጻፉን ትተሽ ብዪ በላት፤ እኔ እጠብቃለሁ» አለችህ።

መጻፌን ተውኩ። ድምፅህም ዝም አለ። እሷ ስልኩን ከጆሮዋ አላነሳችም።

ለበዓሉ ይዣት እመጣለሁ። እኔን ባትምረኝም ለእሷ ብለህ ውጣ፤ አንድ ቃል ይበቃታል። ያን ቀን የምትለውን እኔ አልጽፍልህም።

ጸሎትህ አይለየን። ቅዱስ እስጢፋኖስ በያለህበት ይጠብቅህ።

እህትህ
ከሐይቅ